ቤትን ኃይል ቆጣቢ ማድረግ ከየት ይጀመራል?

የቤት ውስጥ የኃይል ወጪ ሲነሳ የብዙዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው በጣሪያ ላይ ወደሚተከል የፀሐይ ሰሌዳ ወይም ወደ አዲስና ውድ መሣሪያ ነው። ዳሩ ግን ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ለዓይን የማይታይ ነገር ነው። በብርዳማ አገር በጣሪያ፣ በግድግዳና በመስኮት ዳር ወደ ውጭ የሚያመልጥ ሙቀት፣ በሞቃት አገር ደግሞ በእነዚሁ ቦታዎች ወደ ውስጥ የሚገባ ሐሩር ነው። ቀዳዳው ያልተደፈነ እንስራ ውኃ ቢጨምሩበት አይሞላም፤ ሙቀት የሚያፈስ ቤትም የቱንም ያህል ዘመናዊ ማሞቂያ ቢገዙለት ወጪው የሚገባውን ያህል አይቀንስም።

በዚህ ምክንያት የኃይል ቁጠባ ሥራ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብክነትን መግታት፣ ቀጥሎ መሣሪያን መለወጥ፣ በመጨረሻም ኃይል ማመንጨት ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘብም ኃይልም ይባክናል። ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ኪስ ብቻም አይደለም። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንደሚለው በዓለም ላይ ጥቅም ላይ ከሚውለው ኃይል 30 በመቶ ያህሉ የሚውለው በሕንፃዎች ውስጥ ነው።

ኃይሉ የሚሄደው ወዴት ነው?

ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ምክር የለም። ምክንያቱም ኃይሉ የሚውልበት ጉዳይ እንደየአገሩ አየር ንብረትና አኗኗር ይለያያል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመኖሪያ ቤቶች ከሚጠቀሙት ኃይል ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ቤት ለማሞቅ ይውላል። ውኃ ማሞቅ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። መብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በአንድነት የሚወስዱትም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አንድ ላይ ሲደመሩ ከአንድ ቤት ፍጆታ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ቤት ማሞቅ የሚባል ወጪ የለም ማለት ይቻላል፤ የኤሌክትሪክ ሒሳቡን የሚያንረው የአየር ማቀዝቀዣው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ መልኩ ፈጽሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትገኝም ቤት የሚያሞቅ ሰው ጥቂት ነው። በከተማም ሆነ በገጠር ብዙውን ኃይል የሚወስደው ምግብ ማብሰል፣ በተለይም እንጀራ መጋገር ነው። ከከተሞች ውጭ የሚኖረው አብዛኛው ሕዝብ ይህን የሚያከናውነው በማገዶ፣ በከሰልና በኩበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ዕቃ መግዛት ሳይሆን የራስን ቤት ፍጆታ ማወቅ ነው። የ12 ወራትን የኤሌክትሪክና የጋዝ ደረሰኝ መሰብሰብና በኪሎዋት ሰዓት የተጻፈውን ቁጥር መደመር በቂ ነው። ድምሩ ለቤቱ ስፋት በካሬ ሜትር ሲካፈል የቤቱ መለኪያ ይገኛል። ውጤቱ ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ከሆነ ቤቱ ብዙ የሚያባክን ነው። ከ50 በታች ከሆነ ደግሞ በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ?

አንድ ቀላል ሒሳብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ቤት ክረምቱን ለመሞቅ በዓመት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስፈልገዋል እንበል። በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሆነ ቆጣሪው ላይ የሚመዘገበውም ያው 12,000 ይሆናል።

የቤቱ ባለቤት ምንም ሳያሽግ ሂት ፓምፕ የተባለውን መሣሪያ ቢያስገባ ፍጆታው ወደ 4,000 ይወርዳል። መሣሪያው በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ስለሚያስገኝ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና መስኮቱን አሽጎ የሙቀት ፍላጎቱን በግማሽ ቢቀንስ ቤቱ የሚጠይቀው 6,000 ብቻ ይሆናል። ሂት ፓምፑም ይህን በ2,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሸፍነዋል። በዚያ ላይ የሚገዛው መሣሪያ አነስተኛ፣ ዋጋውም የቀለለ ይሆናል። ውድ መሣሪያ አስቀድሞ የገዛ ሰው ግን በኋላ ቤቱን ሲያሽግ ከሚፈለገው በላይ ትልቅ የሆነ ማሽን ይዞ ይቀራል።

ስንጥቆችን መፈለግ፣ ጣሪያን ማልበስ

ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳሚው የሥራ ቦታ ነው። በፋይበርግላስ፣ በተፈጨ ወረቀት ወይም በፎም የሚሠራ የሙቀት መከላከያ ሽፋን እዚያ ማንጠፍ ግድግዳ ከማልበስ ይልቅ ይቀላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ግድግዳና ወለል ቀጥለው ይመጣሉ።

ከሽፋኑ በፊት ግን አየር የሚያስገቡ ስንጥቆችን መድፈን ያስፈልጋል። በበር ሥር፣ በመስኮት ፍሬም ዙሪያ፣ የውኃና የኤሌክትሪክ ቧንቧዎች ግድግዳውን በሚበሱበት ቦታ እንዲሁም ወደ ኮርኒስ በሚወስደው መውጫ ዙሪያ ሽው የሚል አየር ይገኛል። ባለሙያዎች ይህን የሚለኩት በውጭ በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ገጥመው የቤቱን አየር በመሳብ ነው። በቤት ውስጥ ግን አንድ እንጨት ዕጣን ይበቃል። ነፋሻ በሆነ ቀን በርና መስኮቶችን ዘግቶ ጭሱን ከመጋረጃ አርቆ በስንጥቆቹ አጠገብ ማሳለፍ ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ጎን ከተሳበ አየር እያለፈ ነው። ሲሊኮንና የጎማ ማሸጊያ ርካሽ መፍትሔዎች ናቸው።

መስኮት ሌላው ማምለጫ ነው። ባለ አንድ መስታወት የሆነ አሮጌ መስኮት ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ዘመናዊ ሽፋን ካለው ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። መስኮት መለወጥ ግን ውድ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ያነሰው ሰው ጣሪያውን ቢያስቀድም ይሻለዋል። እስከዚያው ወፍራም መጋረጃን በምሽት መዝጋት ይረዳል። መጋረጃው በመስኮት ሥር ያለውን ማሞቂያ ከሸፈነ ግን ሙቀቱ ወደ መስታወቱ ስለሚሄድ ጥቅሙ ይጠፋል።

የመታሸግ ጥቅም እስከምን ድረስ እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ታዋቂ ምሳሌ በጀርመኗ ዳርምሽታት ከተማ ይገኛል። የፊዚክስ ባለሙያው ቮልፍጋንግ ፋይስት በዚያ ያሠሩት ባለ አራት መኖሪያ ሕንፃ እአአ በ1991 ነዋሪዎች ሲገቡበት «ፓሲቭ ሃውስ» የተባለው የግንባታ ደረጃ የመጀመሪያው ማሳያ ሆነ። በዚህ ደረጃ የሚሠራ ቤት ለማሞቂያ የሚያስፈልገው በካሬ ሜትር በዓመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። ቤቱ አብዛኛውን ሙቀት የሚያገኘው በመስኮት ከሚገባው ፀሐይ፣ ከነዋሪዎቹ ገላና ከዕቃዎቹ ነው። ምስጢሩ ማሽን ሳይሆን ወፍራም ሽፋን፣ ባለ ሦስት መስታወት መስኮት፣ ያልተሰነጠቀ ግንባታና የሚወጣውን አየር ሙቀት መልሶ የሚይዝ የአየር ማናፈሻ ነው።

የታሸገ ቤትና ጤና

ቤት ሲታሸግ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ።

የመጀመሪያው እርጥበት ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሲንተከተክ፣ ልብስ በቤት ውስጥ ሲደርቅ ብዙ እንፋሎት ይወጣል። መውጫ ያጣ እንፋሎት በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውኃ ሆኖ ያርፋል፣ ከዚያም ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታ በተለይ አስም ላለባቸውና ለሕፃናት ጎጂ ነው። በጀርመን የተለመደው ዘዴ ቀኑን ሙሉ መስኮትን በትንሹ ከፍቶ መተው ሳይሆን በቀን ጥቂት ጊዜ ለአምስት ወይም ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈትና መዝጋት ነው። እርጥቡ አየር ይወጣል፤ ግድግዳውና ዕቃው ግን ሙቀቱን አያጣም። በሚጋግሩበት ጊዜ የማድ ቤት አየር መሳቢያን ማብራት፣ የማድ ቤቱን በር መዝጋትም ይጠቅማል።

ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አየር እንደልብ በሚገባበት ቤት ወይም በደጅ የለመዱትን የከሰል ምድጃ በታሸገ አፓርታማ ውስጥ ለቡና ማቀጣጠል፣ ወይም ብርድ ለመከላከል ፍም ይዞ መኝታ ቤት መግባት ቤተሰብን በሙሉ ሊገድል ይችላል። አንድ መስኮት ገርበብ ማድረግ አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። በቤቱ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተሰማቸው ወዲያው ወደ ውጭ መውጣትና የድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት መጥራት ያስፈልጋል።

ለጀበናውም ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠቀም የሥርዓቱን ክብር አይቀንሰውም። በጋዝ ወይም በእንጨት የሚሞቅ ቤት ውስጥ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ሊኖር ይገባል። ቤቱ ከታሸገ በኋላም ማሞቂያው ጭሱን በትክክል ወደ ውጭ እንደሚያስወጣ በባለሙያ ማስመርመር ግድ ነው።

መሣሪያን መለወጥ

ብክነቱ ከተገታ በኋላ የመሣሪያ ተራ ይደርሳል። ሂት ፓምፕ የሚሠራው እንደ ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀትን አውጥቶ ወደ ማድ ቤቱ እንደሚለቅ ሁሉ ሂት ፓምፕም ከውጭው አየር ወይም ከመሬት ሙቀትን ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። በብርድ አገር አይሠራም የሚለውን ጥርጣሬ የሚያፈርሰው የኖርዌይ ተሞክሮ ነው። ክረምቷ ከባድ በሆነው በዚህች አገር ከሕንፃዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሂት ፓምፕ አላቸው።

ውኃ ማሞቅን በተመለከተ ደግሞ ትምህርት የሚሆነው የእስራኤል ልምድ ነው። እአአ በ1980 የወጣ ደንብ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ እንዲኖራቸው አስገደደ። ዛሬ በአገሪቱ ከተሞች ጣሪያ ላይ የሚታዩት ነጫጭ በርሜሎችና ጥቁር ሰሌዳዎች የዚህ ውጤት ናቸው፤ አብዛኛው ቤተሰብም ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚያሞቀው በእነርሱ ነው። መሣሪያው ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ ፀሐይ ውኃውን በቀጥታ ታሞቀዋለች። አሠራሩም ቀላል ነው።

መብራት ከጠቅላላው ፍጆታ ያለው ድርሻ አነስተኛ ቢሆንም ለውጡ ፈጣንና ርካሽ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚገልጸው ኤልኢዲ አምፖል ከቀድሞው ባለ ክር አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ይፈጃል፤ ዕድሜውም እስከ 25 እጥፍ ይረዝማል።

ይኸው ሚኒስቴር በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል፣ ለምሳሌ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ሲሆን ወይም ሲተኛ፣ የቤቱን ሙቀት ከተለመደው ከ4 እስከ 5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በብርድ ወቅት ዝቅ፣ በሙቀት ወቅት ከፍ ማድረግ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪን በዓመት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። ሕፃንና አረጋዊ ባለበት ቤት ግን ጤና ከቁጠባ ይቀድማል።

ተከራይ ምን ማድረግ ይችላል?

በውጭ አገር ከሚኖሩ ብዙዎቹ የሚኖሩት በኪራይ ቤት ነው። ጣሪያ ማልበስም ሆነ ማሞቂያ መለወጥ የአከራዩ ፈንታ ነው። ይህ ማለት ግን ተከራዩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም።

የበርና የመስኮት ማሸጊያ ጎማ ሲነሳ ምልክት የማይተው፣ ዋጋውም ጥቂት ነው። ሶፋና ቁም ሳጥንን ከማሞቂያው ፊት ማራቅ ሙቀቱ ክፍሉን እንዲያዳርስ ያደርጋል። ልብስ በ60 ዲግሪ ከማጠብ ይልቅ በ30 ማጠብ ብዙ ይቆጥባል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከሚፈጀው ኃይል አብዛኛው ውኃ ለማሞቅ ስለሚውል ነው። ፍሪጁን በ4 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ማድረግ በቂ ነው። በሞቃት አገር ለሚኖሩ ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ቀን ላይ መጋረድና የአየር ማቀዝቀዣውን ማጣሪያ በየጊዜው ማጽዳት ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣል። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

ሕግም ለተከራይ የሰጠው መብት አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቤት የሚያከራይ ሰው የቤቱን የኃይል ደረጃ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ማሳየት አለበት፤ ውል ከመፈረም በፊት ይህን ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ«ኢ» በታች ደረጃ ያለውን ቤት ማከራየት አይፈቀድም። በጀርመን እአአ ከ2023 ጀምሮ በጋዝና በነዳጅ ማሞቂያ ላይ የሚጣለውን የካርቦን ክፍያ አከራይና ተከራይ ይካፈሉታል፤ ቤቱ አባካኝ በሆነ ቁጥር የአከራዩ ድርሻ እየጨመረ እስከ 95 በመቶ ይደርሳል።

የመንግሥት ድጋፍ

በዩናይትድ ስቴትስ እአአ በ1976 የተጀመረውና በኃይል ሚኒስቴሩ ገንዘብ የሚደገፈው የቤት ማሸጊያ መርሐ ግብር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ቤታቸውን በነፃ መርምሮ ያሽጋል። ተከራዮችም አከራያቸው ከፈቀደ ማመልከት ይችላሉ፤ ማመልከቻው የሚቀርበው በየግዛቱ ነው። እአአ በ2022 በወጣው ሕግ የተስፋፋው የቤት ማሻሻያ የግብር ቅናሽ ግን እአአ ከ2025 ማብቂያ በኋላ ለሚሠራ ሥራ አያገለግልም። አንድ ሻጭ ይህን ቅናሽ ዛሬም እንደሚያስገኝ ቃል ከገባ መጠርጠር ይገባል።

በእንግሊዝና በዌልስ የጋዝ ማሞቂያቸውን በሂት ፓምፕ የሚተኩ የቤት ባለቤቶች 7,500 ፓውንድ የሚደርስ ድጎማ ተፈቅዶላቸዋል። እንዲህ ያሉ ድጋፎች ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጡ ውል ከመፈረም በፊት ከመንግሥት ድረ ገጽ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። አብዛኞቹ ድጎማዎች ሥራው ከተጀመረ በኋላ ለሚያመለክት ሰው አይሰጡም።

በአገር ቤት፦ ምጣዱና አዲሱ ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ የኃይል ቁጠባ ወሬ የሚጀምረው ከማድ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,500 ዋት ያላነሰ ኃይል ይስባል። እንዲህ ያለው ምጣድ ሳያቋርጥ ለሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ ለአምስት ሰዓት ቢበራ በዚሁ ኃይል ከአምስት ወር በላይ ያበራል። አምፖል ከማጥፋት ይልቅ የመጋገሪያውን ልማድ ማስተካከል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሸክላው እስኪግል የሚጠፋው ኃይል ብዙ ስለሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ ብዙ መጋገር ያዋጣል። ሊጡን አስቀድሞ ማሰናዳት፣ ገጥሞ የሚዘጋ አክንባሎ መጠቀም፣ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋትና በቀረው ግለት መጨረስ ወጪ የማይጠይቁ ዘዴዎች ናቸው። አዲስ ምጣድ የሚገዛ ሰው ከሸክላው ሥር ሙቀት መከላከያ ያለው መሆኑን ይጠይቅ። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ ቀጭን ገመድና የላላ ሶኬት ለቃጠሎ ያጋልጣሉ።

ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ቤት ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነድ እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ነበልባሉ ወደ ጎን አይባክንም። ትርፉ የማገዶ ብቻ ሳይሆን እንጨት ለመልቀም የሚወጡ ሴቶችና ልጆች ጊዜና ጉልበትም ነው።

በውጭ አገር እየኖሩ በአገር ቤት ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ዕድል አላቸው። በግንባታ ወቅት የሚደረግ ምርጫ በኋላ ከሚደረግ ጥገና እጅግ ይረክሳል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትገባው በምሥራቅና በምዕራብ መስኮቶች ነው። ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር፣ በምሥራቅና ምዕራብ በኩል መስኮት መቀነስ ወይም በረንዳ ማውጣት እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ቤቱን ያቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ሐሩሩን፣ ሌሊት ብርዱን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል መከላከያ ማስገባት ሁለቱንም ያርቃል። በመስታወት የተሸፈነ ግንብ ለዓይን ቢያምርም ፀሐይን አስገብቶ ሙቀቱን ያስቀራል፤ ማቀዝቀዣም ያስገዛል።

የፀሐይ ሰሌዳው መቼ ነው?

ከዚህ ሁሉ በኋላ በጣሪያ ላይ ኤሌክትሪክ የማመንጨት ሐሳብ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ፍጆታው በግማሽ የቀነሰ ቤት የሚያስፈልገው ሰሌዳ ብዛትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጣሪያው አርጅቶ ከሆነ ሰሌዳው ከመተከሉ በፊት መታደስ አለበት፤ አለበለዚያ ሰሌዳውን አውርዶ መልሶ መስቀል ሁለተኛ ወጪ ይሆናል። ሻጩ ሲመጣም የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰሌዳው ስንት ነው?» ሳይሆን «ቤቴ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል?» መሆን ይኖርበታል። የ12 ወራት ደረሰኙን ደምሮ የያዘ የቤት ባለቤት የዚህን ጥያቄ መልስ ከሻጩ አይጠብቅም።